ኧርነስት ሳይመንና የዊዘንሾ ግቢ

ሰው ባለጠጋ በሆነ ጊዜ በገንዘቡ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ብዙ ነው። ቤቱን ያሰፋል፤ ርስት ይገዛል፤ ለልጆቹም ያወርሳል። ይህን ማድረጉ ነውር አይደለም፤ አባቶቻችንም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ነገር ግን ሰፊ ርስት ከነቤቱ ገዝቶ፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳይኖርበት፣ በዚያው በገዛበት ዓመት ለከተማው ሕዝብ የሚሰጥ ሰው ብዙ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱ የሚተረክለት ኧርነስት ሳይመን እንዲህ ካደረጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው አስቀድሞ እንዲያውቀው ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ አገር ከማንቸስተር ከተማ መካከል ተነሥቶ፣ የመርሲን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ዊዘንሾ ከሚባለው ሠፈር ይደርሳል። ሠፈሩ ማዘጋጃ ቤቱ ለሠራተኛው ሕዝብ ካሠራቸው የኪራይ ቤቶች ሠፈሮች ሁሉ በጣም ሰፊ ከሚባሉት ወገን ነው። ቤቶቹ በጡብ የተሠሩ፣ እርስ በርሳቸውም የሚመሳሰሉ ናቸው፤ በፊታቸውና በጓሯቸው ትንሽ የአትክልት ቦታ አላቸው። መንገደኛው በነዚህ ቤቶች መካከል ሲሄድ ቆይቶ ግን በድንገት ከሰፊ መስክና ከትልልቅ ዛፎች ላይ ይወጣል። ከመስኩም መካከል አንድ ጥንታዊ የባላባት ቤት ቆሞ ያያል። ግድግዳው በጥቁር እንጨት የተዋቀረና በእንጨቶቹ መካከል ነጭ የተቀባ ስለ ሆነ ከሩቅ ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ልብስ ይመስላል።

ይህ ቤት በ1540 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ነው። ባለቤቶቹ ታተን የሚባሉ ባላባቶች ነበሩ፤ በዙሪያው ያለውም አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የነሱ ርስት ሆኖ ኖሯል። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የቤቱ ጌታ ሮበርት ታተን ከንጉሡ ከቀዳማዊ ቻርልስ ወገን ቆሙ። ስለዚህ የፓርላማው ጦር በ1643 ዓ.ም. ክረምት መጥቶ ቤቱን ከበበው። በውስጥ የነበሩትም እስከ 1644 ዓ.ም. የካቲት ወር ድረስ ተከላከሉ፤ በመጨረሻ ግን ከማንቸስተር ሁለት መድፎች ስለ መጡባቸው እጃቸውን ሰጡ። ቤቱ ከዚያ በኋላ ለታተን ቤተሰብ ተመልሶላቸው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ኖሩበት። የአካባቢው ገበሬና የመንደር ሰው ግን ያን ግቢ የሚያየው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ይህ የአንድ ቤተሰብ ግቢ እንዴት የሁሉ ግቢ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ኧርነስት ሳይመን ታሪክ መሄድ ይገባል።

አባታቸው ሄንሪ ሳይመን በትውልዳቸው ጀርመናዊ ሲሆኑ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ ማንቸስተር መጥተው የተቀመጡ መሐንዲስ ነበሩ። በዚያ ዘመን ስንዴ የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ነበር። ሄንሪ ሳይመን ግን በድንጋዩ ፈንታ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚሽከረከሩ የብረት ሮለሮች የሚፈጭ ፋብሪካ መትከል ጀመሩ፤ ይህም ሥራ ብዙ ሀብት አስገኘላቸው። ደግሞም የድንጋይ ከሰልን ወደ ኮክ የሚለውጡ ምድጃዎች የሚሠራ ሌላ ኩባንያ አቋቋሙ። በእንግድነት የተቀበላቸውን ከተማ ግን አልረሱም፤ የማንቸስተርን የታወቀውን የሀሌ የሙዚቃ ጓድ ከረዱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ልጃቸው ሕዝብን መርዳት ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያ የተማሩት ከአባታቸው ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ኧርነስት ሳይመን በጥቅምት 9 ቀን 1879 ዓ.ም. በማንቸስተር ዳርቻ በዲድስበሪ ተወለዱ። በራግቢ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት አጠኑ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1899 ዓ.ም. አባታቸው ስለ ሞቱ በወጣትነታቸው የኩባንያዎቹ ሥራ በትከሻቸው ላይ ወደቀ። እሳቸውም ሥራውን በትጋት አካሄዱት፤ ኩባንያዎቹም አደጉ። ሆኖም ገንዘብ ማትረፍ ብቻውን ልባቸውን አላጠገበውም። በ1912 ዓ.ም. ሁለት ነገር አደረጉ፤ ሺና ፖተር የሚባሉትን የተማሩ ወይዘሮ አገቡ፤ ለማንቸስተር የከተማ ምክር ቤትም ተመረጡ። ከዚህ በኋላ ባልና ሚስቱ አንድ ዓይነት ዓላማ ይዘው አብረው ስለ ሠሩ፣ የአንዱን ሥራ ከሌላው ለይቶ መናገር አስቸጋሪ ነው።

በዚያ ዘመን ማንቸስተር በጥጥ ፋብሪካዎቿ በዓለም የታወቀች ሀብታም ከተማ ነበረች። ሀብቷን ያፈራው ሠራተኛ ግን በጠባብና በተጎሳቆሉ ቤቶች ውስጥ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። በሁልምና በአንኮትስ ሠፈሮች ቤቶቹ እርስ በርስ የተጣበቁ፣ ፀሓይና ንጹሕ አየር የማይገባባቸው ነበሩ። ከፋብሪካዎቹና ከየቤቱ ምድጃ የሚወጣው የከሰል ጢስ ሰማዩን ይሸፍነው ነበር። ፀሓይ ያላገኘ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩም ይጎብጣል። ጢስ የሚተነፍስም ሰው ሳንባው ይታመማል። ስለዚህ በዚያ ከተማ የድኻ ልጅ በሽታ ከፋብሪካው ጢስና ከቤቱ ጥበት ጋራ የተያያዘ ነበር።

ሳይመን እንደ መሐንዲስ ነገሩን መረመሩት። መሐንዲስ መኪና ሲበላሽ አዝኖ አይቀመጥም፤ የተበላሸውን ፈልጎ ያበጃል። እሳቸውም ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ምክር ቤት የቤቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነው ሠሩ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ለአንድ ዓመት የማንቸስተር ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በሚከተለው ዓመት ከሌላ ጸሓፊ ጋራ ሆነው ጢስ የሌለባት ከተማ ስለ ማቋቋም መጽሐፍ አወጡ። ብዙ ሰዎች ያን ጊዜ የማንቸስተርን ጢስ እንደ ዝናቧ ያለ ከእግዚአብሔር የታዘዘ ነገር አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ እሳቸው ግን ሰው ያመጣው ስለ ሆነ ሰው ሊያስቀረው እንደሚችል አስረዱ። ማንቸስተር ጢስ የተከለከለበትን ክልል የወሰነችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የንጹሕ አየርን ሕግ ያወጣው በ1956 ዓ.ም. ነው። ሳይመን ከዚህ ለመድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባቸው።

የቤት ነገርም እንደዚሁ ነበር። በከተማው ውስጥ አዲስ ቤት የሚሠራበት በቂ መሬት አልተገኘም። ከመርሲ ወንዝ በስተደቡብ ግን የታተን ቤተሰብ ርስት ነበረ፤ እርሱም ጢስ ያልደረሰበት የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር። ሳይመንና የምክር ቤት ባልደረባቸው ጃክሰን ከተማው ይህን መሬት እንዲገዛ አጥብቀው ተከራከሩ። ከብዙ ክርክርም በኋላ በ1926 ዓ.ም. የማንቸስተር ማዘጋጃ ቤት 2,500 ኤከር ያህል መሬት ገዛ፤ ይህ በእኛ በቀድሞው ልክ ሲታሰብ ሃያ አምስት ጋሻ ገደማ ይሆናል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀረ። የባላባቱ ቤትና በዙሪያው ያለው መናፈሻ ምን ይሁን? ከተማው ለቤት መሥሪያ መሬት ሲፈልግ፣ ያረጀ የእንጨት ቤትና ዛፍ ለማቆየት ገንዘብ ማውጣት ለብዙ ሰው ከንቱ ወጪ ሆኖ የሚታይ ነበር። ግቢው በነጋዴ እጅ ቢወድቅ ደግሞ ዛፉ ተቈርጦ ቤቱ ፈርሶ መሬቱ በቁራሽ ሊሸጥ ይችል ነበር። በዚህ ጊዜ ኧርነስትና ሺና ሳይመን ከገዛ ገንዘባቸው ቤቱን ከ250 ኤከር መናፈሻው ጋራ ገዝተው፣ ለሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዲውል ለማንቸስተር ከተማ በስጦታ ሰጡ። ይህም ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል መሬት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የስጦታው ዋጋ በገንዘቡ ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ የተሰጠበት ጊዜም ከገንዘቡ ይበልጣል። ሳይመን ግቢውን የሰጡት ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ነው። ሰው ከሠፈረ በኋላ መናፈሻ ለማግኘት ቤት ማፍረስና ሰው ማፈናቀል ያስፈልጋል፤ ይህም ከባድ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይደረግም። አስቀድሞ የተጠበቀ መሬት ግን ለዘለዓለም ይጠቅማል። በአገራችን ከተሞችም አዳዲስ ሠፈሮች በየጊዜው ስለሚሠሩ፣ ልጆችም ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ስለሚቸግራቸው፣ ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

በሚከተለው ዓመት በ1927 ዓ.ም. ባሪ ፓርከር የሚባሉ ስመ ጥር መሐንዲስ የአዲሱን ከተማ ፕላን እንዲያወጡ ተጠሩ። እሳቸው ቀደም ብለው ከባልደረባቸው ጋራ የመጀመሪያውን የአትክልት ከተማ የሌችዎርዝን ፕላን ያወጡ ሰው ናቸው። በዊዘንሾ ፕላን በአንድ ኤከር መሬት ላይ ከ12 ቤት በላይ እንዳይሠራ ተወሰነ። ሠፈሩ በልዩ ልዩ መንደሮች ተከፍሎ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ትምህርት ቤትና ሱቅ እንዲኖረው፣ ሠራተኛውም ሥራውን በቅርብ እንዲያገኝ ለፋብሪካዎች የተለየ ቦታ እንዲከለል ታሰበ። አውራ ጎዳናዎቹም በዛፍና በሣር የታጀቡ እንዲሆኑ ተደረገ። የጥንቱ ግቢ በመካከሉ እንደ ሳንባ ሆኖ ቀረ። በ1930 ዓ.ም. ቤቱ ለሕዝብ ተከፈተ፤ ትናንት ከአጥር ውጭ ይመለከቱት የነበሩ ሰዎች ልጆች በባላባቱ አዳራሽ ውስጥ ተመላለሱ።

ሥራው ሁሉ ግን ያለ ተቃውሞ አልተፈጸመም። መሬቱ የቼሺር አውራጃ ስለ ነበረ የአውራጃው ሹማምንትና የመንደሮቹ ነዋሪዎች የትልቁ ከተማ ሰው እንዲመጣባቸው አልወደዱም ነበር። ነገሩ እስከ ፓርላማ ደርሶ፣ በ1931 ዓ.ም. አገሩ ወደ ማንቸስተር ከተማ ተጠቃለለ። በዚያን ጊዜ የዊዘንሾን ሥራ የሚመራው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ራሳቸው ሺና ሳይመን ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪነሣ ድረስ 8,000 ያህል ቤቶች ተሠሩ። መታጠቢያ ቤት ኖሮት የማያውቀው ቤተሰብ መታጠቢያ ቤት አገኘ፤ በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ይተኙ የነበሩትም ልጆች ለየብቻ መተኛት ቻሉ።

እውነቱን ለመናገር ጉድለትም ነበረ። ኪራዩ በአሮጌው ሠፈር ከሚከፈለው ይበልጥ ስለ ነበረ፣ የአውቶቡስም ዋጋ ስለሚጨመርበት፣ ከሁሉ የደኸየው ቤተሰብ ወደ ዊዘንሾ ለመግባት አልቻለም። ሱቅና የመሰብሰቢያ አዳራሽ ዘግይቶ መጣ፤ የሠፈሩ ዋና ማእከል የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ በ1960ዎቹ ነው። ከዚያም በኋላ በዛፍ ከታጀቡት ጎዳናዎች ዋነኛው ለፈጣን መኪናዎች የሚሆን ሰፊ መንገድ ሆኖ ስለ ተለወጠ የፓርከር አሳብ በከፊል ፈረሰ። ሳይመን የኪራዩን ችግር አይተው ዝም አላሉም። በ1929 ዓ.ም. ስለ ተጎሳቆሉ ሠፈሮች መጥፋት በጻፉት መጽሐፍ፣ ብዙ ልጆች ላሉት ድኻ ቤተሰብ ኪራይ እንዲቀነስ አሳብ አቀረቡ።

በፖለቲካ በኩል የሳይመን ዕድል የተፈራረቀ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በሊበራል ፓርቲ ስም ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተመረጡ፤ በሚከተለው ዓመት ተሸነፉ፤ በ1929 ዓ.ም. እንደ ገና ተመረጡ፤ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ እንደ ገና ተሸነፉ። በዚሁ በ1931 ዓ.ም. ለጥቂት ሳምንታት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በምክትልነት ሠርተዋል። ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ከወደቀ በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል። እሳቸው ግን ከምክር ቤት በወጡ ጊዜ ሌላ የሥራ በር ፈለጉ። በ1934 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው የዜግነት ትምህርት ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያ ዘመን በጀርመንና በኢጣልያ ነጻነት ስለ ጠፋ፣ የነጻ አገር ልጆች ነጻነታቸውን መጠበቅን በትምህርት ቤት ካልተማሩ ነጻነቱ አይጸናም ብለው ያምኑ ነበር። የፋሽስት ወረራ ምን እንደ ሆነ የምናውቅ የኢትዮጵያ ልጆች ይህን አሳብ ለማስተዋል አያስቸግረንም።

በ1932 ዓ.ም. የናይት ማዕርግ ተሰጥቷቸው ሰር ኧርነስት ተባሉ። በ1946 ዓ.ም. ወደ ሌበር ፓርቲ ገቡ፤ በ1947 ዓ.ም. የባሮንነት ማዕርግ ሲሰጣቸው የመረጡት ስም ሎርድ ሳይመን ዘ ዊዘንሾ የሚል ነበር። ጥንት የእንግሊዝ ባላባት በገዛ ርስቱ ስም ይጠራ ነበር፤ እሳቸው ግን በሰጡት ርስት ስም ተጠሩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የራዲዮ ድርጅት የቢቢሲ የአስተዳደር ቦርድ ሊቀ መንበር ሆነው እስከ 1952 ዓ.ም. ሠሩ። በዚህም ሥራ ከወቀሳ አልዳኑም። በ1950 ዓ.ም. በፖለቲከኞች ላይ የሚቀልድ አንድ የቴሌቪዥን ቲያትር ሁለተኛ ጊዜ እንዳይታይ ስለ ከለከሉ ጋዜጦች የንግግርን ነጻነት ነኩ ብለው ነቀፏቸው። ስለ ነጻነት ብዙ ለደከመ ሰው ይህ ከባድ ነቀፌታ ነበር፤ ትልቅ ሰውም ሊሳሳት እንደሚችል ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀርበው ግን የሽምግልናቸው ሥራ ነው። ከ1941 እስከ 1957 ዓ.ም. የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነበሩ። በዚህም ዘመን በጆድረል ባንክ የሰማይን ራዲዮ የሚሰማው ታላቁ ቴሌስኮፕ ተሠርቶ በ1957 ዓ.ም. ተፈጸመ። በ1960 ዓ.ም. የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሳሉ በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥተው የአገሩ ከፍተኛ ትምህርት እንዲመረመር ጠየቁ፤ ለመማር የሚችለው ወጣት ብዙ ሆኖ ሳለ የዩኒቨርሲቲው ቦታ ጥቂት መሆኑ ያሳስባቸው ነበር። ከዚህ በኋላ በሎርድ ሮቢንስ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በ1963 ዓ.ም. ያቀረበው ሪፖርት በእንግሊዝ የከፍተኛ ትምህርት በር እጅግ እንዲሰፋ ምክንያት ሆነ። ሳይመን ግን ፍሬውን አላዩም፤ በጥቅምት 3 ቀን 1960 ዓ.ም. ዐርፈው ነበር። ባለቤታቸው ሌዲ ሳይመን ስለ ማንቸስተር ትምህርት ቤቶች ብዙ ደክመው በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ።

ሰጪዎቹ ካለፉ በኋላ ግቢው ብዙ ነገር አየ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በማንቸስተር መካከል ቆሞ የነበረው የኦሊቨር ክሮምዌል ሐውልት ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ዊዘንሾ መናፈሻ መጥቶ ተተከለ። የጥንቱን ቤት ከብቦ የያዘው የፓርላማ ጦር ክሮምዌል ከሚዋጋለት ወገን ስለ ነበረ፣ የአሸናፊው መሪ ምስል በተሸናፊው ደጅ ቆሟል ማለት ነው። ክሮምዌል ራሱ ግን በዚያ ከበባ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ከከተማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው የትራም መስመር ሲከፈት አንዱ ጣቢያ በመናፈሻው ስም ተሰየመ።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ግን አንድ ክፉ ሰው ሆን ብሎ በቤቱ ላይ እሳት ለኰሰ። ጣራውና የላይኛው ፎቅ ክፉኛ ተጎዳ። ከመድፍ የተረፈው ቤት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ደረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ፍርስራሹን ጠርጎ መሬቱን ለሌላ ሥራ አላዋለውም፤ ቤቱን ለብዙ ዓመት አሳድሶ በ2022 ዓ.ም. እንደ ገና ለሕዝብ ከፈተው። ይህን ስናይ ስጦታው በሰጪው ሞት እንዳላበቃ እንረዳለን፤ የተቀበለውም ሕዝብ ካልጠበቀው ስጦታ አይጸናም። ሳይመን በ1926 ዓ.ም. ከፈረሳ አዳኑት፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ ደግሞ ከእሳት ያዳነው የከተማው ሕዝብ ነው።

በወንጌል ውስጥ እርሻው የበዛለት ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ለመሥራት እንዳሰበና በዚያች ሌሊት ነፍሱ እንደ ተፈለገች ተጽፏል። የስንዴ ወፍጮ በመሥራት የበለጸጉት የሄንሪ ሳይመን ልጅ ከዚህ ባለጠጋ የተለየ መንገድ ሄዱ። ሀብታቸውን በሕይወታቸው ሳሉ ከፋፍለው፣ እውቀታቸውንም ጨምረው ሰጡ። ገንዘብ ብቻ ቢሰጡ ኖሮ ዊዘንሾ ባልተሠራ ነበር፤ እውቀት ብቻ ቢኖራቸውም መናፈሻው ባልተረፈ ነበር።

እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች አብዛኞቻችን ርስት የምንገዛበት ገንዘብ አይኖረንም። ይሁን እንጂ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ለመሆን የምናስብ ብዙዎች ነን። አንድ ቀን የአንድ ሠፈር ፕላን ከፊታችን ተዘርግቶ፣ ያረጀ ቤት ወይም ጥቂት ዛፍ ያለበት ቦታ በእርሳስ ሊሰረዝ ሲል እርሳሱ በእጃችን ይሆን ይሆናል። በዚያን ጊዜ ቤት የሚያስፈልገውን ሰው አንርሳ፤ በዚያ ቤት ተወልዶ የሚጫወትበትን መስክና የሚያርፍበትን ጥላ የሚፈልገውንም ልጅ አንርሳ። ኧርነስት ሳይመን ሁለቱን አንድ ላይ አስበው ነበር፤ ስለዚህ በዊዘንሾ ቤቶቹም ዛፎቹም እስከ ዛሬ አሉ።